ኤልኤልሲ ልክፈት ወይ? የቴራፒስት አድራሻ፣ ቤትና ሥራ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ወዳጄ የራሷን የምክር አገልግሎት ቢሮ ልትከፍት ስትሰናዳ አንድ ቅዳሜ ቡና ልንጠጣ ተገናኘን። ወሬያችን መሃል የጤና ባለሙያዎች የሚመዘገቡበትን የፌዴራል መዝገብ፣ ኤንፒፒኢኤስ የሚባለውን፣ በስልኬ ከፍቼ ስሟን ከነአባቷ ጻፍኩ። የወጣው ሰው አንድ ብቻ ነበር። ስሟ፣ የሙያዋ ዓይነት፣ የእጅ ስልኳ፣ ከዚያም «የሥራ ቦታ» በሚለው ስር ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖርበት አፓርታማ ከነበር ቁጥሩ። ቅጹን የሞላችው ገና ተቀጣሪ ሳለች ነው፤ ማታ ልጆቹን አስተኝታ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጣ። አድራሻ ሲጠይቃት የምታውቀውን አድራሻ ሰጠችው። ስልኩን ከእጄ ተቀብላ ደጋግማ አየችው። «ይሄን ማንም ያየዋል?» አለችኝ። ማንም ያየዋል፤ ክፍያ የለውም፣ የይለፍ ቃል የለውም።

እሷ ግን የመጣችው ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ ነበር። ታክስ ስለምሠራ ከነርስም፣ ከሾፌርም፣ ከአስተርጓሚም የምሰማው ጥያቄ ነው፦ «ኤልኤልሲ ልክፈት ወይ?» ከቴራፒስት አፍ ሲወጣ ግን ይህ ጥያቄ በውስጡ ሁለት የማይገናኙ ፍርሃቶችን ይይዛል። አንዱ፣ ማን ቤቴ ድረስ ይመጣብኛል? ሌላው፣ ማን ቤቴን ይወስድብኛል? ሁለቱን በአንድ ወረቀት ለመመለስ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ሳይመልስ ይቀራል። ድርጅት ማቋቋም ለሁለቱም የሚሰጠው ነገር አለ፤ ግን ሰዎች ከሚያስቡት በጣም ያንሳል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ፍርሃት በእኛ ሰው ላይ ይብሳል። ጄኒፈር ስሚዝ የምትባል ቴራፒስት ከሺህ ስሚዞች መሃል ትሸሸጋለች። የእኛ ስም የራስና የአባት ስም ተጋጥሞ የሚቆም ስለሆነ፣ በዚያ ላይ በላቲን ፊደል እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ስለሚጽፈው፣ አሜሪካ ውስጥ አንድን ጥምረት የሚጋሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጥቂት ናቸው። ስሙን የያዘ አድራሻውንም ያዘ ማለት ነው። ቴራፒስት ደግሞ የሚሰማው የተደበደበችን ሚስት፣ የልጅ አሳዳጊነት ክርክር ላይ ያለን አባት፣ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ወጣት ነው። «ትዳሬን ያፈረሰችው እሷ ናት» ብሎ የሚያምን ሰው በሯን ለማንኳኳት መርማሪ መቅጠር አያስፈልገውም። ሳምንቱን የመከረችው ሰው እሑድ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ከኋላዋ ሊቆም በሚችልበት ማኅበረሰብ ውስጥ የቤት በርን ለይቶ መጠበቅ ቅንጦት አይደለም።

ኤልኤልሲ የሚባለው የድርጅት ዓይነት ረጅም ዕድሜ የለውም። መጀመሪያ በሕግ ያወጣችው ዋዮሚንግ ናት፣ በ1977። የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ በ1988 ኤልኤልሲ በታክስ ረገድ እንደ ሽርክና ሊቆጠር እንደሚችል ከወሰነ በኋላ ስቴቶቹ ሁሉ ተከታትለው ተቀበሉት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ድርጅቱ የራሱ የሕግ ሰውነት አለው፣ ዕዳውም የራሱ ነው። አገር ቤት ኃ.የተ.የግ.ማ. ብለን የምናውቀው ማኅበር የቅርብ ዘመዱ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ያ ማኅበር ከሁለት ሰው በታች ስለማይቋቋም ብዙ ነጋዴ ወንድሙን ወይም ሚስቱን ለስም ያህል ባለድርሻ ያደርግ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

ይህን ያነሳሁት ያ የአገር ቤት ልማድ ውቅያኖስ ተሻግሮ እዚህም ሰው ሲያሳስት ስለማይ ነው። «ባለቤቴንም አባል ላድርገው፣ ለክፉ ቀን ይሆናል» የምትል ቴራፒስት ብዙ ናት። ለሱቅ ወይም ለሊሞ ሥራ ቢሆን ችግር የለውም። የሙያ ፈቃድ በሚጠይቅ ሥራ ግን ብዙ ስቴቶች ባለድርሻው ራሱ ባለፈቃድ እንዲሆን ያስገድዳሉ። ቨርጂኒያ ለእንዲህ ያለ ሥራ ፒኤልኤልሲ የሚባል የባለሙያዎች ኤልኤልሲ አላት፤ አባልነቱም በመርሕ ደረጃ የባለፈቃድ ሰዎች ነው። ካሊፎርኒያ ከሁሉ ትጠብቃለች። ባለፈቃድ ቴራፒስት በኤልኤልሲ መሥራት ጨርሶ አይችልም፤ ያለው መንገድ ፕሮፌሽናል ኮርፖሬሽን ነው፣ የአክሲዮኑም አብላጫ በዚያው ሙያ ፈቃድ ባላቸው እጅ መሆን አለበት። ሎስ አንጀለስ ያለች ቴራፒስት ዳላስ ያለች የአክስቷን ልጅ አይታ ኤልኤልሲ ብታስመዘግብ ያስመዘገበችው ለሥራዋ የማይሆን ድርጅት ነው። ኒውዮርክ ፒኤልኤልሲ ትፈቅዳለች፤ ነገር ግን ከተቋቋመ በ120 ቀን ውስጥ በሁለት ጋዜጦች ለ6 ሳምንት እንዲታወጅ ትጠይቃለች። ስሟ እንዳይታወቅ ብላ ድርጅት የከፈተች ሴት ስሙን በጋዜጣ ለማሳወጅ ገንዘብ ትከፍላለች ማለት ነው፤ ማንሃተን ውስጥ ደግሞ ክፍያው ከሺህ ዶላር ያልፋል። ሜሪላንድ ገራም ናት፤ ተራውን ኤልኤልሲ ለባለሙያም ትፈቅዳለች።

ዓመታዊውም ወጪ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ በዓመት 50 ዶላር ትጠይቃለች፣ ሜሪላንድ 300፣ ካሊፎርኒያ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ቢያንስ 800። በሳምንት ሁለት ማታ ብቻ ደንበኛ ለሚያይ ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለሙያ በገዛ እጁ ለሠራው የሙያ ስሕተት የትኛውም የድርጅት ዓይነት፣ በየትኛውም ስቴት፣ ከተጠያቂነት አያድነውም። ኤልኤልሲ ቢሆን፣ ፒኤልኤልሲ ቢሆን፣ ኮርፖሬሽን ቢሆን ያው ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በታራሶፍ ጉዳይ ቴራፒስት ደንበኛው ሊጎዳው የዛተበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ሲወስን ያ ግዴታ የወደቀው በሙያተኛው ላይ ነው። የአንዲት ቴራፒስት ደንበኛ ራሱን ቢያጠፋና ቤተሰቡ «ምልክቱን አላየችም» ብሎ ቢከስ፣ ምስጢር ወጣ ተብሎ ቢከሰስ፣ የድርጅቱ ስም ከእሷ ስም ጎን ይጻፋል እንጂ የእሷን ስም አይሰርዝም። ቴራፒስት ደግሞ የሚሸጠው ዕቃ የለውም፤ ሥራው ሁሉ የገዛ ጆሮውና ፍርዱ ነው። ስለዚህ ከሚፈራው ክስ አብዛኛው ኤልኤልሲ የማይነካው ዓይነት ነው።

ታዲያ ምን ይከለክላል? ደንበኛ በረዶ ላይ ተንሸራቶ እግሩን ቢሰብር፣ የሥራ ባልደረባ በራሱ ደንበኛ ላይ ቢያጠፋ፣ የቢሮ ኪራይ ወይም የሶፍትዌር ውል ዕዳ ቢመጣ፣ ያኔ ድርጅቱ አጥር ይሆናል። ሁለት ሦስት ቴራፒስት ቀጥራ የምታሠራ ሴት ያለ ድርጅት መቀመጥ የለባትም፤ እዚህ ላይ አላመነታም። ይሁን እንጂ ያንን አጥር ሰው በገዛ ፊርማው ያፈርሰዋል። የኪራይ ውሉ መጨረሻ ገጽ ላይ የግል ዋስትና የሚል አንቀጽ አለ፤ አከራዮች ከአዲስ ድርጅት ጋር ሲዋዋሉ ይህን ይጠይቃሉ። እዚያ ላይ የፈረመ ሰው ለኪራዩ በግል ንብረቱ ገባ። ባንክም ብድር ሲሰጥ እንዲሁ ያደርጋል። ሌላው የማፍረሻ መንገድ ገንዘብ መቀላቀል ነው፤ ከድርጅቱ አካውንት የቤት ኪራይ፣ የእቁብ ዕጣ፣ የልጅ ትምህርት ቤት እየከፈሉ ድርጅቱ ከእኔ የተለየ ነው ብሎ ዳኛ ፊት መቆም ከባድ ነው።

ከኤልኤልሲ ጋር አብሮ የሚነሳው ኤስ ኮርፕ የድርጅት ዓይነት ሳይሆን የታክስ ምርጫ ነው። በግል የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን 15.3 ከመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ገቢው ከፍ ሲል በከፊል ይቀንስለታል። ለራስ ተገቢ ደመወዝ መክፈልን፣ የደመወዝ ሰነድንና ተጨማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ወጪን ይዞ ይመጣል። ለምስጢርም ለንብረት ጥበቃም የሚጨምረው ነገር ስለሌለ እዚህ አልቆይበትም።

ወደ ምስጢሩ ስመለስ ከድርጅት ሁሉ በፊት የሚመጣ አንድ ቁጥር አለ። ደንበኛው በራሱ ከፍሎ ከኢንሹራንሱ ገንዘቡን እንዲያስመልስ ቴራፒስቱ የሚሰጠው ሱፐርቢል የሚባል ወረቀት ላይ የምርመራ ኮድ፣ የቀጠሮው ቀን፣ ዋጋ፣ ከታች ደግሞ የታክስ ቁጥር ይጻፋል። ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ያለ ኢንሹራንስ ለሚከፍል ሰው ሁሉ የወጪ ግምት በጽሑፍ መስጠት ግዴታ ሆኗል፤ በዚያም ላይ ይህ ቁጥር ይገባል። በግል ስሟ የምትሠራና የተለየ ቁጥር ያላወጣች ቴራፒስት የምትጽፈው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ ዘጠኙም አሃዝ በደማቁ ታትሟል፣ በዓመቱ ውስጥ ስንት ደንበኛ ቤት እንደገባ የጻፈችው ቴራፒስት ራሷም አታውቅም። መድኃኒቱ ኢአይኤን የሚባለው የአሠሪ መለያ ቁጥር ነው። አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል፤ ለማውጣት ኤልኤልሲ አያስፈልግም፣ በግል የሚሠራ ሰውም ይሰጠዋል። ለዚህ ቁጥር ገንዘብ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ፤ አትክፈሏቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው አድራሻ ነው። ኤልኤልሲ ምስጢር ይጠብቃል የሚለው እምነት ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይገኛል፤ ማስመዝገቢያው ራሱ አዲስ የሕዝብ መዝገብ ነውና። ዋና ቢሮ፣ ከዚያም መጥሪያ የሚቀበል ሰው፣ ቨርጂኒያ ሬጂስተርድ ኤጀንት፣ ሜሪላንድ ሬዚደንት ኤጀንት የሚሉት፣ ከነመንገድ አድራሻው ይጠየቃል። ቤቷን እዚያ የጻፈች ሴት በኋላ ብትቀይረውም የመጀመሪያው ሰነድ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ይህን ሥራ ለሚሠሩ ኩባንያዎች በዓመት ከመቶ ዶላር ብዙም የማይርቅ ከፍሎ የእነሱን አድራሻ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ከማስመዝገብ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። የሙያ ፈቃድ ቦርዱም የራሱ መዝገብ አለው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቴራፒስቶችን የሚቆጣጠረው ቦርድ የሚያውቀው አድራሻ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የፖስታ ሳጥን መጻፍ ግን ይፈቀዳል። የፌዴራሉ መዝገብ በበኩሉ ለደብዳቤ የፖስታ ሳጥን ይቀበላል፣ ለሥራ ቦታ አይቀበልም።

ስም የማይገልጥ ኤልኤልሲ እየተባለ የሚሸጠውስ? ዋዮሚንግ፣ ዴላዌርና ኒው ሜክሲኮ በሕዝብ መዝገባቸው ላይ የአባላትን ስም አይጠይቁም፤ ይህ እውነት ነው። ለአንድ የኪራይ ቤት ባለቤት ይጠቅም ይሆናል። ለቴራፒስት ግን ገንዘቡን ከማውጣት ያለፈ ጥቅም አላየሁበትም። ሜሪላንድ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው የዋዮሚንግ ድርጅት ሜሪላንድም እንደገና መመዝገብ አለበት፣ ፈቃዱ በስሙ ነው፣ ደንበኛ የሚመርጠውም በስሙ ነው። የቴራፒስት ስም ሊደበቅ አይችልም፣ ሊደበቅም አይገባም፤ ማን እንደሚያክመው ማወቅ የደንበኛው መብት ነው። ሊለይ የሚችለው ስሙ ከቤቱ ነው። በ2024 የተጀመረው የድርጅቶችን እውነተኛ ባለቤት ለግምጃ ቤት የማሳወቅ ግዴታም ሰውን አስደንግጦ ነበር፤ በመጋቢት 2025 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋሙ ድርጅቶች ከዚያ ነጻ ተደርገዋል።

ስለ ስም ካነሳሁ ማንም የማይጠይቀኝን አንድ ነገር ልጨምር። የድርጅቱ ስም የሚጠብቀው ቴራፒስቱን ብቻ ሳይሆን ደንበኛውንም ነው። የክሬዲት ካርዱ መግለጫ ላይ የሚወጣው ያ ስም ነው፤ ኢንሹራንሱ ለዋናው ተመዝጋቢ በሚልከው ደብዳቤ ላይም እንዲሁ። ባሏ ሳያውቅ ምክር የጀመረች ሴት ካርዷ ላይ «የትዳርና የጭንቀት ሕክምና» የሚል ስም ቢወጣ ማን ያየዋል? ከወላጆቹ ኢንሹራንስ ጋር ያለ የሃያ ዓመት ልጅስ? ምንም የማይናገር፣ የወንዝ ወይም የዛፍ ስም፣ ከሁሉ ይሻላል። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በጃፊ ጉዳይ በቴራፒስትና በደንበኛ መካከል የሚነገረውን ቃል ፌዴራል ፍርድ ቤት እንዲገለጥ እንዳያስገድድ ጠብቆታል፤ ያን ያህል የከበረ ነገር በካርድ መግለጫ ላይ መውጣት የለበትም። መዝገቡን በኮምፒውተር የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ፊንላንድን ያስታውስ። ቫስታሞ የሚባለው የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት መረጃ ተሰርቆ በ2020 ደንበኞቹ አንድ በአንድ ገንዘብ ተጠየቁ፣ ድርጅቱም በዓመቱ ከሰረ። ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት መሆኑ ለእነዚያ ሰዎች የከለለው ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ፍርሃት፣ የንብረቱ፣ መልሱ ያለው ብዙ ሰው በማይፈልግበት ቦታ ነው፤ የቤቱ ሰነድ ውስጥ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ባልና ሚስት ቤትን እንደ አንድ አካል የሚይዙበትን ጥንታዊ የባለቤትነት ዓይነት እስከ ዛሬ ይጠብቃሉ። ቤቱ በዚህ መንገድ ከተያዘ የአንዳቸውን ብቻ ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ቤቱን ሊሸጥባቸው አይችልም። ቴራፒስቷ ብቻዋን ተከሳ ኢንሹራንሷ ከሚሸፍነው በላይ ቢፈረድባት የቤተሰቡ ቤት ቆሞ ይቀራል። ወሰን አለው፤ ሁለቱም አብረው ከፈረሙ አይሠራም፣ ፍቺ ወይም ሞት ያፈርሰዋል፣ ለፌዴራል ታክስ ዕዳም አያግድም፤ ይህን የመጨረሻውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 በክራፍት ጉዳይ ወስኗል። ሌላው ዕዳ ላይ ግን ጽኑ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው «ቤቱን ኤልኤልሲ ውስጥ አስገባው» የሚል ምክር ሰምቶ ቤቱን በድርጅት ስም ያዞርና ያንን ጥበቃ በገዛ እጁ ያጣል፤ የቤት ብድሩም ውል እንዲህ ያለ ዝውውርን ሊከለክል ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ፍርሃቶች ይጋጫሉ። በጋራ የተያዘ ቤት ሰነድ ላይ የቴራፒስቷ ስም አለ፣ የካውንቲው የቤት መዝገብ ደግሞ ክፍት ነው። የሚያስታርቅ መንገድ አለ፤ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ባልና ሚስት ቤታቸውን ወደ ትረስት ሲያዛውሩ የጋራ ጥበቃው እንዲቀጥል የሚፈቅዱ ሕጎች አሏቸው፤ ትረስቱም የሰው ስም መያዝ የለበትም። ይህ ግን በጥንቃቄ የሚጻፍ ሰነድ ነውና ከኢንተርኔት በወረደ ቅጽ አይሞከርም፤ ለጠበቃ መክፈል የሚገባ ቦታ ቢኖር ይህ ነው። ላላገባ ሰው ይህ በር ዝግ ነው፤ ለእሱ የጡረታ ቁጠባው ይቀርበዋል። በአሠሪ በኩል የተያዘ የጡረታ ገንዘብ ከዕዳ ጠያቂ እጅ በጣም የራቀ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ለራሱ የከፈተው ግን በስቴቱ ሕግ ላይ ስለሚመሠረት እኩል አይደለም።

የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ፣ ማልፕራክቲስ የምንለው፣ ድርጅቱ የተወውን ክፍተት የሚሞላ ነው። ለቴራፒስት የተለመደው ለአንድ ክስ 1 ሚሊዮን፣ ለዓመቱ በጠቅላላ 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ ነው የሚሸፍነው ወይስ ክሱ የቀረበበትን? ክሱ የቀረበበትን የሚሸፍን ከሆነ ሥራ ያቆመ ሰው ላለፉት ዓመታት ተጨማሪ ሽፋን ካልገዛ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የቦርድ አቤቱታ ሲመጣ የጠበቃ ወጪ ስንት ይሸፍናል? ለቴራፒስት ከፍርድ ቤት መጥሪያ ይልቅ የቦርድ ደብዳቤ የመምጣት ዕድሉ ይሰፋል፤ ቦርዱ ደግሞ የሚይዘው ፈቃዱን ነው። ያንን ፈቃድ ኤልኤልሲም፣ ትረስትም፣ የቤት ሰነድም አይጠብቀውም፤ ሽፋኑም ከዋናው ተለይቶ በትንሽ መጠን ስለሚወሰን ትንሽ ጨምሮ ከፍ ማድረግ ይገባል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዝናቡ ሳይመጣ ነው። ክስ ከታወቀ በኋላ ቤትን ለእህት ማዞር፣ ገንዘብን ወደ ሌላ ስም ማዛወር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ፍርድ ቤት ዝውውሩን ይሽረዋል፣ ያዞረውም ሰው እምነት ያጣል። ደብዳቤው በመጣ ዕለት የመጀመሪያው ስልክ ለኢንሹራንሱ ነው፤ የደንበኛውን መዝገብ አንዲት ፊደል አለመንካት፣ ደንበኛውንም «ምን አደረግሁህ?» ብሎ አለመደወል።

ወዳጄ ኤልኤልሲውን ከፍታለች፣ ግን በመጨረሻ። መጀመሪያ በሰዓት የሚከራይ የቢሮ ክፍል ያዘች፣ የፌዴራሉን መዝገብ ወደዚያ አዛወረች፣ ኢአይኤን አወጣች፣ ኢንሹራንሷን ገዛች፣ ከባለቤቷ ጋር የቤታቸው ግዢ ሲያልቅ ሰነዱን እንዴት እንደሚይዙት ጠበቃ አነጋገረች። ከዚያ በኋላ ነው ድርጅቱን በአንድ ዛፍ ስም ያስመዘገበችው። የቀረው የድሮው አፓርታማ አድራሻ ነው፤ ከፌዴራሉ መዝገብ ቢነሳም ያንን መዝገብ እየገለበጡ የሚለጥፉ ድረ ገጾች ላይ አሁንም አለ። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ደንበኛ ሳይመጣ፣ ለአንዳቸው ትጽፋለች።